ያ ኪዩብ በማሽን አልተቆረጠም

ድሬዳዋ ተቀምጦ የማዕድን ክሪስታል የሚሰበስብ ሰው ያንኑ የተሳሳተ አባባል ደጋግሞ መስማት ግድ ይሆንበታል። የሚሰበስበው ሰልፋይድ ከሆነማ ይብሳል። ሰልፋይድ የሚባሉት ብረት፣ መዳብ፣ እርሳስና የመሳሰሉት ከድኝ ጋር ተዋህደው የሚፈጥሯቸው ማዕድናት ናቸው። ብዙዎቹ የብረት ዓይነት አንጸባራቂ ገጽ አላቸው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ከዚሁ አንጸባራቂነት ነው።

«ካብረቀረቀና ከከበደ ወርቅ ነው።»

አይደለም። ሰው «እስቲ እየው» ብሎ የሚያመጣልኝ አብዛኛው ፓይራይት ነው፤ ብረትና ድኝ። አንድ የከፊራ ነጋዴ እንዲህ ያለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ለልጁ ሠርግ አስቀምጦ ነበር። ስኒ አምጡ አልኩና ገለበጥኩት። ስኒ ከሥሩ ልስላሴው ያልደረሰበት ሻካራ ቀለበት አለው። ድንጋዩን እዚያ ላይ ፈተግ ስታደርጉት ፓይራይት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር መስመር ይተዋል። ወርቅ ግን መስመሩም ቢጫ ነው። በመዶሻ ሲመታ ወርቅ ይዘረጋል፣ ፓይራይት ይፈረካከሳል። በክብደትም አይገናኙም፤ ፓይራይት የውሃን 5 እጥፍ ያህል ሲመዝን ንጹሕ ወርቅ 19 እጥፍ ይመዝናል።

ሰውየው መስመሩ መጥቆሩን ሲያይ ድንጋዩን ደጅ ሊወረውረው ተነሳ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ወርቅ ካልሆነ ምንም አይደለም ማለት ነው? ጎኑ ላይ ጥፍር የማያካክሉ፣ ማዕዘናቸው ልክ የሆነ ክሪስታሎች ተደርድረው ነበር። አላያቸውም።

«አቦ፣ ይሄማ በማሽን የተቆረጠ ነው!»

ይህን የሚለኝ ሰው ብዛቱ! ስፔን፣ ላ ሪዮሃ ውስጥ ካለችው ናቫሁን የመጣ የፓይራይት ኪዩብ አለኝ። ስድስቱም ገጽ እንደ መስታወት ልስልስ ያለ ነው። የተማረውም ያልተማረውም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጠኝ። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ወዳጄ እንዲያውም «የፋብሪካ ዕቃ ሸጡልህ» ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። ከሰው ሁሉ እሱ ቢገባው ደስ ባለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብረትና የድኝ አተሞች ፓይራይት ውስጥ በሦስቱም አቅጣጫ በእኩል ርቀት እየተደጋገሙ ይደረደራሉ። ክሪስታሉ የሚያድገው በዚህ ድርድር ላይ ሌላ ድርድር እየተጨመረበት ነው። ቀስ ብሎ የሚያድገው ገጽ በመጨረሻ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። የናቫሁን ኪዩቦች ያደጉት ማርል በሚባል ለስላሳ የጭቃና የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ቅርጹን ያወጣው የውስጥ ድርድሩ ነው፤ መጋዝ የነካው ነገር የለም። ያው ፓይራይት ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሁኔታ ሲያድግ አምስት ጎን ያላቸው 12 ገጾች ያወጣል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ክሪስታሉን መስኮት አጠገብ አዘንብላችሁ እዩት። ብዙ የፓይራይት ኪዩቦች ገጻቸው ላይ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች አሏቸው። ቀስ ብላችሁ ወደ ጎረቤቱ ገጽ አዙሩት። እዚያ ያሉት መስመሮች ከመጀመሪያዎቹ ጋር 90 ዲግሪ ሠርተው ይሄዳሉ። ሦስተኛውን ብታዩም ከሁለቱም ጋር እንደዚያው ነው። ይህ ክሪስታሉ ሲያድግ የተወው አሻራ ነው።

ማጭበርበር የለም አላልኩም። ኪዩቡ ከማርሉ በቀላሉ ስለሚወልቅ መልሰው በሙጫ የሚያጣብቁት አለ። ሻጩ ካልደበቀ ችግር የለውም። ስትገዙ «ተጣብቋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጋጠሚያውንም በአጉሊ መነጽር እዩት።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልለፋቸው።

«ሐምራዊና ሰማያዊ የሚያብለጨልጨው ቀለሙ የተፈጥሮ ነው።» በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው ቀለሙ እንዲለወጥ አሲድ የነካው ቻልኮፓይራይት፣ ማለትም የመዳብና የብረት ሰልፋይድ ነው።

«ማግኔት ከሳበው ከሰማይ የወደቀ ነው።» ፒሮታይትና ማግኔታይት የሚባሉትን ብረት ያለባቸው ማዕድናትም ማግኔት ይስባል። ሁለቱም እዚሁ ምድር ላይ ሞልተዋል።

«ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ ያምራል።» ብር፣ አርሴኒክና ድኝ ያለበት ቀዩ ፕሩስታይት ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

«ድንጋይ አይበሰብስም።»

ይበሰብሳል እንጂ! አንዳንድ ፓይራይት እርጥበትና አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ማርካሳይት የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ከተመሳሳይ ንጥረ ነገር ቢሠራም ይብስበታል። መጀመሪያ የድኝ ሽታ ይሸታችኋል። ከዚያ ነጭ ወይም ቢጫማ ዱቄት ይወጣዋል። ሰልፈሪክ አሲድም ይፈጠራል። አሲዱ ካርቶኑንና መለያ ወረቀቱን በልቶ ወደ ጎረቤት ድንጋይ ይሻገራል። ስለዚህ የታመመውን ቶሎ ለዩት። ባታጥቡ ይመረጣል፤ ካጠባችሁም በደንብ አድርቁ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አትጣሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ ክተቷቸው። የድሬ ደረቅ አየር ለእነዚህ ድንጋዮች ይመቻል። ሐረር ያላችሁ ግን በክረምት ጠንቀቅ በሉ።

«ኩል የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፣ አይጎዳም።»

ይህን ስሰማ በጣም ነው የምደነግጠው። ጋሊና የእርሳስ ሰልፋይድ ነው። ከክብደቱ 86 በመቶ ያህሉ እርሳስ ነው። ከጥንታዊት ግብፅ ጀምሮ ተፈጭቶ ለኩል ውሏል፤ ዛሬም በየአገሩ ከእሱ የሚሠራ ኩል አለ። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ወደ አፉ ይከታል። ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን ደግሞ አይታወቅም። ክሪስታሉን ይዞ ማየት ችግር የለውም። ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ አትፍጩት፣ ልጅ ከማይደርስበት አኑሩት። ኩሉንም ቢሆን ከምን እንደተሠራ ሻጯ ራሷ ካላወቀች ለልጃችሁ አትግዙላት።