ትልቅ አቅም ያላቸው የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስኮችና የካሽ ሜሞሪ መጠን፦ በሰሜን ሸዋ ሁኔታ

ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከሩ ክብ ሰሌዳዎች ላይ መረጃን በማግኔት ኃይል የሚያስቀምጥ የኮምፒውተር ክፍል ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሰሌዳዎች ቢኖሩትም የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ብቻ ነበር፤ 1 ቴራባይት የሚይዘው የሂታቺ ዲስክ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ ዛሬ ከ20 ቴራባይት በላይ የሚይዙ አሉ። የሚሽከረከር ክፍል የሌለውና መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ በፍጥነት እጅግ ቢበልጠውም፣ የሰርግ ቪዲዮ ለሚያከማች የደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት በአንድ ቴራባይት የሚወጣው ዋጋ ሲታሰብ ሃርድ ዲስክ አሁንም ይመረጣል።

ገዢዎች ከአቅሙ ቀጥለው የሚጠይቁት ስለ ካሽ ሜሞሪው ነው። ይህ በዲስኩ ሰርኪዩት ላይ የተገጠመ፣ ብዙውን ጊዜ 64፣ 128 ወይም 256 ሜጋባይት የሆነ ፈጣን ሜሞሪ ሲሆን፣ ሊነበብ የሚችለውን አስቀድሞ ይይዛል፤ እንዲጻፍ የመጣውንም ተቀብሎ በሚመች ቅደም ተከተል ወደ ሰሌዳው ያሳልፋል። ትንንሽ ፋይሎች በጥድፊያ ሲመጡ ጥቅሙ ይታያል። 40 ጊጋባይት የሚመዝን ቪዲዮ ኮፒ ሲደረግ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በሴኮንድ 200 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ 256 ሜጋባይቱን አራግፎ ለመጨረስ ከአንድ ሴኮንድ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ስለሚበቃው፣ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስነው ሰሌዳው ራሱ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሰሌዳ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሴኮንድ ይጨርሳል፤ ስለዚህ የሚፈለገው መረጃ ማንበቢያው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4.2 ሚሊሴኮንድ ይጠበቃል፤ ካሹ ውስጥ የሌለ መረጃ ሲፈለግ ይህን ጥበቃ የሚያስቀር የካሽ መጠን የለም። በዚያ ላይ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ራም ለዚሁ ሥራ በጊጋባይት ስለሚጠቀሙ የዲስኩ ድርሻ ይበልጥ ያንሳል።

እንዲያውም ትልቅ ካሽ አንዳንድ ጊዜ የድክመት ማካካሻ ነው። ኤስኤምአር በተባለው የአጻጻፍ ስልት የመረጃ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ይደራረባሉ፤ አንዱን መስመር ለመለወጥ ተከታዮቹንም መልሶ መጻፍ ግድ ስለሚሆን፣ አምራቾች መዘግየቱን ለማካካስ በርካሾቹ ላይ ሳይቀር 256 ሜጋባይት ካሽ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለው ዲስክ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለሚቀመጥ ማከማቻ ይበቃል፤ ዕለት ዕለት ለሚጻፍበትና ለሚሰረዝበት ሥራ ግን አይመከርም። በመሆኑም ገዢ ከካሹ በፊት ዲስኩ ሲኤምአር (መስመሮቹ ሳይደራረቡ የሚጻፉበት) ወይም ኤስኤምአር መሆኑን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ በካሹ ውስጥ ያለና ገና ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ መረጃ ይጠፋል። ኮፒው አለቀ ተብሎ በስክሪኑ ላይ የታየ ፋይል ተበላሽቶ የሚገኘው አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ መፍትሔውም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው እንጂ ካሹን ማሳደግ አይደለም።

ለሰሜን ሸዋ ከካሽ የበለጠ የሚያሳስበው ከፍታው ነው። ማንበቢያው ራስ ከሰሌዳው በጥቂት ናኖሜትር ርቀት የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ሲሆን፣ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሰሌዳው ይጠጋል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ከወሰኑ በታች ናት፤ በመንዝ ያለችውና ከ3,000 ሜትር በላይ ያለችው መሐል ሜዳ ግን ወሰኑ ላይ ትደርሳለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተሸጡት በሂሊየም ተሞልተው የታሸጉ ዲስኮች የውጭውን አየር ስለማያስገቡ በዚህ በኩል ይሻላሉ። ከጣርማ በር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የወረደ ዲስክ ደግሞ ላቦት ሊቋጥር ስለሚችል፣ የቦታውን ሙቀት እስኪይዝና እስኪደርቅ ድረስ መብራት ባይሰካበት ይመረጣል።