ጓሳ፦ ሣሩ፣ አይጡ፣ ቀበሮውና ጭላዳው

የመንዝ ጓሳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከመሀል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ገደል አፋፍ ላይ የተንጣለለ ደጋ ነው። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ብርዱ አይጣል ነው። ሌሊት መሬቱ በአመዳይ ይነጣል፤ ቀን ደግሞ ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች።

ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ጉብ ጉብ እያለ የሚበቅል፣ ጠንካራና ረጅም ሣር ነው። በየመሀሉ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦና ጅብራ ይታያሉ፤ የአገሩ ባለቤት ግን ሣሩ ነው። ጉሙንና ዝናቡን ይዞ ያስቀራል፤ ውኃው ቀስ እያለ ወደ ረግረጉ ይወርዳል። ከዚያ ገሚሱ በምሥራቅ ወደ አዋሽ፣ ገሚሱ በምዕራብ ወደ አባይ ተፋሰስ ይሄዳል።

ሣሩ ሥር አይጦች አሉ። እንዲያው አይጥ ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የሰፈሩ ቀለብ እነሱ ናቸው። ሣሩን ይበላሉ፣ እዚያው ይደበቃሉ፣ አፈሩን እየቆፈሩ ያገላብጣሉ። ሌሊቱ ስለሚበርድ ብዙዎቹ ደፍረው የሚወጡት በቀን ነው። ቀይ ቀበሮም ቀን አዳኝ የሆነው ለዚህ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ በጠቅላላው 500 ገደማ ብቻ ነው የቀረው። የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ አይጥ የሚያድነው ግን ለብቻው ነው።

አሁን ሣር በል ወደ ሆኑት ዝንጀሮዎች፣ ወደ ጭላዳዎቹ እንምጣ። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ። ጠዋት ወጥተው ሜዳው ላይ ቁጭ ይሉና ሣር በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ይውላሉ። መንጋው አንዳንዴ በመቶዎች ይቆጠራል። ቀበሮው ይመጣል። አይሮጥም፣ አያደባም። ዝግ እያለ መሀላቸው ይገባል፣ ግልገሎቹን ዞር ብሎም አያይ። እነሱም ቀና ብለው አይተውት ነጨታቸውን ይቀጥላሉ። ውሻ ቢሆን ኖሮ እየተንጫጩ ገደል ይገቡ ነበር!

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ እዚሁ ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳይቷል። ቀበሮው ለብቻው ሲያድን ከ100 ሙከራ 25ቱ ይሳካለታል፤ ጭላዳ መሀል ሲሆን 67ቱ። ለምን? ምናልባት የመንጋው ግርግር አይጡን ከጉድጓዱ ያስወጣው ይሆናል። ምናልባትም አይጡ በዚያ ሁሉ ጭላዳ መሀል ቀበሮውን አይለየውም። እኔን የሚያሳምነኝ ሁለተኛው ነው። ባሌ ላይም ቀይ ቀበሮ ከከብት መንጋ ጋር ተቀላቅሎ አይጥ ሲያድን ይታያል፤ ከብት ደግሞ ለአይጥ ደንታ የለውም። የጓሳው ቀበሮና ጭላዳ ውል ግን አንድ ጊዜ ፈርሶ ነበር። አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጠቀ። ትልልቆቹ ተረባርበው አስጣሉት፤ አባረሩት፤ ተመልሶ እንዲገባም አልፈቀዱለትም።

ሰውም ከዚህ ሠፈር ውጭ አይደለም። መንዜው በጓሳ ጎጆ ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራል። ሣሩ ካለቀ እሱም የለም። ስለዚህ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች ዘር የሚቆጠሩት ባለርስቶች ሜዳውን እየዘጉ ሲያስጠብቁት ኖረዋል። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ማንም ማጭድ አያስገባም። ሣሩ ሲጎመራ በበጋ ይከፈትና ይታጨዳል፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስቱ ቀረ፤ ጥበቃውም ላላ፣ ሜዳው ለሁሉም ተከፈተ። ከብቱ በዛ፣ ሣሩ አጠረ፤ መደበቂያ ያጣው አይጥም አብሮ ይቸገራል። ኋላ ላይ ነዋሪው መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መጠበቁን ቀጠለ። ዛሬ ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ቀበሮውን በጣም የሚያሰጋው ከእረኛው ኋላ የሚከተለው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከእሱ ወደ ቀበሮው ይተላለፋል፤ አንዱ ቀበሮ ከያዘው ደግሞ አብሮት የሚያድረው ቤተሰብ በሙሉ አደጋ ላይ ነው።