ክኑት ሮክኒ፦ የሚወራው እና እውነታው

መጀመሪያ እንግባባ። ፉትቦል የምለው የእኛውን እግር ኳስ አይደለም። እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ የሚላተሙበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። ክኑት ሮክኒ አሜሪካ በሚገኘው የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ የዚህ ጨዋታ ተጫዋች፣ ኋላም አሰልጣኝ ነበር። ስለሱ ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ግን ውሃ አይቋጥርም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኳስን ወደፊት መወርወር የጀመረው እሱ ነው»

አይደለም። ሕጉ የፈቀደው በ1906 ነው። የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዚያው ዓመት ወርውሮ ተጫውቶበታል። ሮክኒ ያኔ ኮሌጅ ደጃፍ አልደረሰም። ታዲያ ስሙ እንዴት ተነሳ? በ1913 የትምህርት እረፍት ላይ እሱና ጓደኛው ጋስ ዶራይስ ኢሪ ሐይቅ ዳር ሥራ ያዙ። ትርፍ ሰዓታቸውን አሸዋ ላይ አሳለፉ፤ ዶራይስ ይወረውራል፣ ሮክኒ እየሮጠ ይቀልባል። በኖቬምበር ዌስት ፖይንት ሄደው የአሜሪካን የጦር አካዳሚ ቡድን 35 ለ 13 አንኮታኮቱት። አገር ጉድ አለ። አልፈጠሩትም፤ ግን አስመሰከሩ።

«ከልጅነቱ ለኳስ የተመለመለ፣ ካቶሊክ አሜሪካዊ ነው»

የተወለደው ኖርዌይ፣ ቮስ ነው። ቺካጎ የገባው በ5 ዓመቱ ነው። ፖስታ ቤት ሠርቶ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ኮሌጅ የገባው በ22 ዓመቱ! ሲመረቅም እዚያው ኬሚስትሪ እያስተማረ ነበር በረዳት አሰልጣኝነት የጀመረው። ካቶሊክ የሆነው ደግሞ በ1925 ነው፤ ቀድሞ ሉተራን ነበር።

«ተጫዋቹ ጊፕ እንደሞተ ወዲያው ቡድኑን በንግግር አስለቀሰ»

ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሬጋን በ1940 ፊልም ላይ ጊፕን ሆኖ ስለተወነ ታሪኩ አገር አዳርሷል። ጆርጅ ጊፕ የሞተው በ1920 ነው። ንግግሩ ግን የ1928 ነው፤ 8 ዓመት ቆይቶ! የጦር አካዳሚውን ሲገጥሙ የመጀመሪያው ግማሽ 0 ለ 0 አለቀ። ሮክኒ ልጆቹን ሰብስቦ የጊፕን ኑዛዜ ነገራቸው፦ ሲከብዳችሁ ለእኔ ስትሉ አሸንፉ። 12 ለ 6 አሸነፉ። ኑዛዜውን ከሮክኒ በቀር የሰማ ሰው አልተገኘም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ትንሽ ጨው ነስንሶበታል።

«ሮክኒ የሞተበትን አውሮፕላን የጣለው የአየር ጠባይ ብቻ ነው»

መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የተገመተው። ማርች 31 ቀን 1931 ካንሳስ ውስጥ፣ ባዛር አቅራቢያ ሲወድቅ የተሳፈሩት 8ቱም ሞቱ። ሮክኒ ገና 43 ዓመቱ ነበር፤ በአሰልጣኝነት 105 አሸንፎ የተሸነፈው 12 ብቻ። ፎከር የሚባለው የዚህ አውሮፕላን ክንፍ በሙጫ የተጣበቀ እንጨት ነበር። እርጥበት ሙጫውን አላልቶት፣ ክንፉ አየር ላይ ተገነጠለ። የሞተው ሮክኒ ስለሆነ ሕዝቡ ዝም አላለም። ያን ዓይነት አውሮፕላኖች በሜይ ከበረራ ታገዱ።