የቀጥታ ሙዚቃ ዝግጅት በቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው አርቱሮ መዜዲሚ በነደፈው፣ ያኔ አዲስ በነበረው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ ሲሆን የሚደርሰውም ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ብቻ ነበር። አስመራ ቃኘው ሰፈር የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ቀደም ብለው ቴሌቪዥን ነበራቸው። እሱ ግን የነሱ ነው፤ ከኛ አይቆጠርም።

አዲሱ ጣቢያ ሙዚቃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ከተማው ውስጥ በመንግሥት ደመወዝ የሚኖሩ፣ ኖታ የሚያነቡ፣ በየቀኑ የሚለማመዱ ኦርኬስትራዎች ነበሩ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና ሀገር ፍቅር ሁሉም የራሳቸው ሙዚቀኞች ነበሯቸው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የክቡር ዘበኛ ድምፆች ነበሩ። ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ደግሞ ከፖሊስ ነበሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በኩል የነርሲስ ናልባንዲያን ውለታ ሳይነሳ አይታለፍም። ትውልደ አርመናዊው ነርሲስ ብዙ ሙዚቀኞችን አስተምሯል፤ ዜማዎችንም ለኦርኬስትራ አቀናብሯል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ዘፈንን ለሕዝብ አላስተዋወቀም። በሬዲዮና በመድረክ የሚታወቁትን ድምፆች ከነፊታቸው ቤት አስገባ እንጂ።

ቀድቶ ማሳየት እምብዛም ባልተለመደበት ዘመን ዝግጅት ማለት የቀጥታ ዝግጅት ነበር። ሳክስፎኑ ቢያፏጭ፣ ዘፋኙ ግጥም ቢስት፣ ያው ነው፤ ተመልካች ያየዋል። ኦርኬስትራ ብዙ ሰው ነው፤ ስቱዲዮ ደግሞ ጠባብ ነው። ትንፋሾቹ (ሳክስፎንና ትራምፔት የመሳሰሉትን የሚነፉት) ከኋላ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ዘፋኙ ከፊት በክራቫት ቀጥ ብሎ ይዘፍናል፣ እጁን እንኳ ብዙም አያወናጭፍም። የዛሬ ልጅ ቢያየው ፎቶ የሚነሳ ይመስለዋል። በሙዚቃው መሐል ኮሜዲ፣ ጭውውትና የባህል ጨዋታ ይገባል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ከትራምፔቱ ጋር አንድ ምሽት ላይ መሰማታቸው ማንንም አይገርምም ነበር። አባባ ተስፋዬም የልጆች ዝግጅታቸውን የጀመሩት በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ዘመን ነው፤ ለ42 ዓመታት ያህልም ዘልቀውበታል።

ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ማየት ማለት ጎረቤት መሄድ ማለት ነበር። ሣጥኑ ዳንቴል ይለብሳል፤ በር ያለውና በቁልፍ የሚቆለፍም ነበር። ልጆች ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ይኮለኮላሉ። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና ያዞራል። «አሁንስ?» ይላል። «ትንሽ ወደ ግራ! በቃ፣ በቃ! ኧረ ጠፋ!» ይሉታል ከታች። እሱ ሲወርድ ዘፈኑ አልቋል።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን አዳከመ። እስኪነጋ በር ዘግቶ ከሚያድረው ጭፈረኛ በስተቀር፣ አብዛኛው የከተማ ሰው የሙዚቃ ባንድ የሚያየው በቴሌቪዥን ሆነ። የቀበሌ ኪነት ቡድኖች መጡ፤ የአብዮት መዝሙሩም አብሮ መጣ። «ኅብረ ትርዒት» ዛሬም ድረስ በስሙ የሚነሳው የጣቢያው የመዝናኛ ዝግጅት ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰን የመሳሰሉ ቀልደኞች የሚጠበቁት በእንዲህ ያለው ምሽት ነበር። ቀለም የመጣው አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው።

በዚያ ዘመን የታየው ሁሉ የቀጥታ ነበር ወይ የሚለው ያከራክራል። ብዙዎች በሙሉ ልብ «አዎ» ይላሉ። ይሁንና ገመድ የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር በስሜት ሲመታ ያየን ሰዎች ድምፁ ቀደም ብሎ የተቀዳ ሊሆን እንደሚችል መገመታችን አልቀረም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን፣ ያለ ጥርጥር፣ የቀጥታ ነበሩ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ኪቦርድና ክሊፕ ቦታውን ወሰዱ።

ያኔን የሚናፍቁ ሰዎች ሲጨዋወቱ ከዘፋኙ ቀድመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። ዘፋኙ ገና ሳይጀምር ትንፋሾቹ በአንድ ላይ ሲገቡ፣ ካሜራው ማንን እንደሚያሳይ ግራ ገብቶት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተት የሚያልፉት ያ ጥቂት ሰከንዶች።