ኬኔዲ በርሊን ላይ «ዶናት ነኝ» ብለው ነበር? ስለ «በርሊነር» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ምዕራብ በርሊን ሄደው በጀርመንኛ «የበርሊን ሰው ነኝ» ሊሉ ፈለጉ፤ ሳያውቁት «የማርማላታ ዶናት ነኝ» ብለው አረፉት ይባላል። ቀልዱ አሪፍ ነው፤ ግን ውሸት ነው። «በርሊነር» በምትለው ቃል ዙሪያ የሚወራው ስህተትም ይህ ብቻ አይደለም። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኬኔዲ ሰዋስው ተሳስተዋል»

አልተሳሳቱም። ጊዜው ጁን 26 ቀን 1963፣ ቦታው የሾነበርግ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ነው። የበርሊን ግንብ ከቆመ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ኬኔዲ ጀርመንኛ ስለማይችሉ ዓረፍተ ነገሩን እንደሚነበበው አድርገው በቀይ ቀለም ካርድ ላይ ጻፉት፦ «ኢሽ ቢን አይን በርሊነር»።

ክርክሩ ያለው «አይን» ላይ ነው፤ «አንድ» እንደ ማለት ናት። ጀርመኖች ሙያቸውን ወይም ከተማቸውን ሲናገሩ ይተዋታል። የበርሊን ልጅ «ኢሽ ቢን በርሊነር» ይላል። ይሄ እውነት ነው። ኬኔዲ ግን የበርሊን ልጅ አይደሉም። «አይን» ስትገባ ነገሩ «በመንፈስ ከእናንተ አንዱ ነኝ» ይሆናል። «ኤር ኢስት ሻውሽፒለር» ከተባለ ሰውየው ተዋናይ ነው፤ እንጀራው ነው። «ኤር ኢስት አይን ሻውሽፒለር» ከተባለ ግን «ድራማ ይሠራል» ማለትም ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ኬኔዲ «አይን»ን ቢተዉት ነበር የሚያስቀው። በዚያ የቦስተን አነጋገራቸው «በርሊን ነው ያደግኩት» ያሉ ይመስል ነበር።

«ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ»

ቅጂው አለ፤ ማዳመጥ ይቻላል። ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ የሚሰማው የደስታ ጩኸት ነው። ሳቁ የመጣው አስተርጓሚው ጀርመንኛውን መልሶ በጀርመንኛ ከደገመው በኋላ፣ ኬኔዲ «ጀርመንኛዬን ስለተረጎመልኝ አመሰግነዋለሁ» ብለው ሲቀልዱ ነው። የዶናቱ ወሬ የገነነው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ነው።

«በርሊኖች ዶናቱን በርሊነር ይሉታል»

ዶናቱስ አለ። ክብ ነው፣ ይጠበሳል፣ ስኳር ይነሰነስበታል። ከኛ ቦምቦሊኖ የሚለየው መሃሉ ቀዳዳ ስለሌለውና ውስጡ ማርማላታ ስላለበት ነው። ሃምቡርግ ዳቦ ቤት ገብታችሁ «በርሊነር» ብትሉ እሱን ይሰጧችኋል። ሙኒክና ቪየና «ክራፕፈን»፣ ፍራንክፈርት አካባቢ «ክሬፕል» ይባላል።

በርሊን ውስጥ ደግሞ «ፕፋንኩኸን» ነው ስሙ። ሌላው ጀርመን «ፕፋንኩኸን» ሲል በመጥበሻ የሚጋገረውን ፓንኬክ ማለቱ ነው። በርሊኖች ፓንኬኩን «አየርኩኸን» ይሉታል። ታዲያ አደባባይ የወጣው በርሊናዊ «በርሊነር» ሲባል ዶናት እንዴት ትዝ ይለዋል? ቋሊማም እንዲሁ ነው። ጀርመኖች «ቪነር»፣ የቪየና፣ የሚሉትን የቪየና ሰዎች «ፍራንክፉርተር» ይሉታል።

በነገራችን ላይ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከዶናቶቹ አንዱን ሰናፍጭ ሞልተው የሚቀላቅሉ አሉ። የደረሰው ጉዱ ይፈላል።

ዶናቱን በ1756 የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ ሠራዊት ጋጋሪ በመድፍ ጥይት ቅርጽ ፈለሰፈው የሚባለውን ደግሞ እንደ ተረት ውሰዱት። ጀርመኖች ሊጥ መጥበስ የጀመሩት ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ነው።

«በርሊን ስሟን ያገኘችው ከድብ ነው»

የከተማዋ አርማ ላይ ድብ አለ፤ ድብ በጀርመንኛ «ቤር» ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ያምናል። የስም አጥኚዎች ግን ቃሉን የሚያያይዙት ረግረጋማ ቦታን ከሚያመለክት የስላቭ (የምሥራቅ አውሮፓ ሕዝቦች) ቋንቋ ሥር ጋር ነው፤ አካባቢው የስላቮች ነበርና። ስሟ በሰነድ የተገኘው በ1244 ነው። ድቡ በማኅተም ላይ ብቅ ያለው በ1280 ነው። ድምፁ ስለተመሳሰለ ነው ድቡ የገባው።

«በርሊነር ሰው ወይም ዶናት ነው፤ በቃ»

ሴት ከሆነች «በርሊነሪን» ትባላለች። የጋዜጣ መጠንም አለ፦ 31.5 በ47 ሴንቲሜትር። የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ይታተምበታል፤ የእንግሊዙ ጋርዲያንም ከ2005 እስከ 2018 ተጠቅሞበታል። ፈረንሳዮች ደግሞ «በርሊን» የሚሉት ሠረገላ ነበራቸው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያችው ከተማ የመጣ ነው። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1791 ከፓሪስ ሊያመልጡ ሲሞክሩ የተያዙት በእሱ ሲጓዙ ነበር። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ መኪና ሻጭ «በርሊን አለኝ» ካላችሁ የሚያሳያችሁ የቤት አውቶሞቢል ነው።