«ስካርብራን አስታውሱ»፦ የ1914ቱ የባሕር ድብደባ፣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1914፣ በእኛ ታኅሣሥ 7 ቀን 1907፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ጊዜውም የአንደኛው የዓለም ጦርነት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ያለችው የመዝናኛ ከተማ ስካርብራ ከባሕሩ ጭጋግ ብቅ ባሉ የጀርመን የጦር መርከቦች በመድፍ ትደበደብ ጀመር። በዚያው ጠዋት ሃርትልፑል እና ዊትቢም ተመቱ። ብዙም ሳይቆይ «ስካርብራን አስታውሱ» የሚሉ ፖስተሮች ታትመው ወጣቱን ለውትድርና ይጠሩ ጀመር። ፖስተሮቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ታሪኩን ግን አጣመውታል።

«ከሁሉም የከፋው ጉዳት የደረሰው ስካርብራ ላይ ነው»

አይደለም። ስካርብራ ውስጥ የሞቱት ከ20 አይበልጡም። ሃርትልፑል ላይ ግን ከ1,000 በላይ የመድፍ ጥይት ወርዶ ከ100 በላይ ሰው ተገድሏል። ታዲያ ፖስተሩ ለምን ስካርብራን መረጠ? እንደኔ ግምት፣ ስካርብራ እንግሊዛዊው በእረፍት ጊዜው የሚሄድባት፣ ሆቴሎቿንና አሸዋዋን የሚያውቃት ከተማ ስለነበረች ነው። ሃርትልፑል የወደብ ሠራተኞችና የመርከብ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች፤ ለፖስተር አትመችም ነበር።

«ሦስቱም ከተሞች መከላከያ አልነበራቸውም»

ስካርብራ እና ዊትቢን በተመለከተ እውነት ነው። ስካርብራ የነበራት የፈራረሰ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ነው፤ መድፍ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ደግሞ መከላከያ የሌላቸውን ወደቦችና ከተሞች ከባሕር መደብደብ ይከለክላል። የብሪታንያ ቁጣ የተነሣው ከዚህ ነው።

ሃርትልፑል ግን ሦስት መድፎች ነበሯት፤ ሁለቱ ሂው በተባለው ምሽግ፣ አንዱ በመብራት ቤቱ አጠገብ። ሦስቱ መድፎች በሦስት ግዙፍ መርከቦች ላይ 123 ጥይት ተኩሰው ብሉኸር የተባለችውን መርከብ መትተዋል፤ ከመርከበኞቿም ገድለዋል። ከወታደሮቹ ወገን የወደቀው ቲዮፊለስ ጆንስ በዚያ ጦርነት በብሪታንያ ምድር በጠላት እጅ የተገደለ የመጀመሪያው ወታደር ተብሎ ይታወሳል። ከመዝመቱ በፊት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር።

«ዓላማው ሕዝብን ማሸበር ብቻ ነበር»

የጀርመን ባሕር ኃይል በመርከብ ቁጥር ከብሪታንያ ያንስ ነበር። ስለዚህ የብሪታንያን መርከቦች በጥቂት በጥቂቱ አውጥቶ መምታት ይፈልጋል። በአድሚራል ሂፐር የሚመሩት መርከቦች ማባበያ ነበሩ፤ ከኋላ፣ በሰሜን ባሕር መካከል፣ አድሚራል ኢንገኖል ዋናውን ኃይል ይዞ ወጥቷል። ኮልበርግ የተባለችው ቀላል ክሩዘርም (ፈጣን፣ አነስ ያለች የጦር መርከብ) ከተሞቹ ሲደበደቡ በጠረፉ ላይ ፈንጂ ስትዘራ ነበር። ድብደባው ካበቃ በኋላ ፈንጂው ሌሎች መርከቦችን አስምጧል።

«የብሪታንያ ባሕር ኃይል ምንም ሳያውቅ ተኝቶ ተያዘ»

ሕዝቡ «ባሕር ኃይላችን የት ነበር?» ብሎ ሲጮህ፣ መልስ መስጠት የሚችሉት ባለ ሥልጣናት አፋቸው ተለጉሞ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው በኦገስት 1914 ነው። ማግደቡርግ የተባለች የጀርመን መርከብ ባልቲክ ባሕር ላይ መሬት ነክታ ስትቀር፣ ሩሲያዎች የምስጢር ኮድ መጽሐፏን አግኝተው ለብሪታንያ ሰጡ። ለንደን ውስጥ «ክፍል 40» የተባለው ቢሮ በዚያ መጽሐፍ እየታገዘ የጀርመኖችን የሬዲዮ መልእክት ያነብ ነበር። ሂፐር እንደሚወጣ ታውቋል። የትኛውን ከተማ እንደሚመታና ዋናው ኃይል ከኋላው እንዳለ ግን አልታወቀም። ስድስት ግዙፍ የጦር መርከቦችና አራት ባትል ክሩዘሮች (ግዙፍ ሆነው ፈጣን የሆኑ የጦር መርከቦች) የተላኩትም ጥቃቱን እንዲያስቆሙ ሳይሆን ሂፐር ሲመለስ መንገዱን እንዲቆርጡበት ነው። ይህ ለሃርትልፑል ሰው የሚነገር ነገር አልነበረም።

ጎህ ሳይቀድ የሁለቱ ወገን ትንንሽ መርከቦች በጨለማ ተጋጩ። ኢንገኖል መላው የብሪታንያ መርከብ የመጣበት መስሎት ፊቱን አዞረ። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘው፣ ተነጥሎ የወጣ የብሪታንያ ኃይል፣ ከፊቱ ነበረ! ብሪታንያዎቹም በተራቸው በጭጋጉና በአንድ በተምታታ ምልክት ምክንያት ሂፐርን ከእጃቸው አስመለጡት።

«በዚያ ጦርነት እንግሊዝ ስትጠቃ ይህ የመጀመሪያው ነው»

አይደለም። በኖቬምበር 3 ቀን ጀርመኖች ያርመዝ የተባለችውን የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ደብድበው ነበር፤ ጥይቱ ግን የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ወደቀ። ዜፔሊን የተባሉት የአየር መርከቦችም በዚህ ድብደባ እጃቸው የለበትም፤ በብሪታንያ ላይ ቦምብ መጣል የጀመሩት በጃንዋሪ 19 ቀን 1915 ነው።

የጀርመኖቹም ስህተት

የተሳሳተ አመለካከት በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ጀርመኖች ምስጢራቸውን የሚያሾልኩት ዶገር ባንክ በተባለው ጥልቀት የሌለው የሰሜን ባሕር ክፍል የሚያጠምዱት የእንግሊዝ ዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች መሰሏቸው። ሂፐር እነሱን ሊያባርር በጃንዋሪ 1915 ሲወጣ ክፍል 40 አሁንም ቀድሞ አንብቦታል። በ24ኛው ቀን ጠዋት የብሪታንያው አድሚራል ቢቲ ባትል ክሩዘሮች ደረሱበት። ሃርትልፑልን የደበደበችው ብሉኸር ወደ 800 ከሚጠጉ መርከበኞቿ ጋር ሰመጠች።