ፐብሜድ ምንድን ነው? ማኅተም አይደለም

አሁንም አንዱ «ፐብሜድ ላይ አለ፣ ስለዚህ ተረጋግጧል» ብሎ ክርክር ሊዘጋ ሲሞክር አየሁ። ቀጥሎ ደግሞ «የፐብሜድ ጥናት እንደሚለው» አለ። ወንድሜ፣ የፐብሜድ ጥናት የሚባል ነገር የለም። ፐብሜድ ጥናት አይሠራም፣ መጽሔትም አያሳትምም።

ማውጫ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው፣ ከ37 ሚሊዮን በላይ የሕክምናና ተዛማጅ ሳይንስ ጽሑፎች የተመዘገቡበት ማውጫ። እዚያ የምታገኙት ርዕሱን፣ የጸሐፊዎቹን ስምና ብዙ ጊዜ አብስትራክቱን (አጭር ማጠቃለያውን) ነው። ሙሉው ጽሑፍ ያለው ወይ መጽሔቱ ጋ ነው ወይ ፒኤምሲ በሚባለው ማከማቻ። (ፒኤምሲና ፐብሜድም አንድ አይደሉም፤ እሱ የሌላ ቀን ንዴቴ ነው።)

የስልክ ማውጫን አስቡት። ስሙ ማውጫው ላይ ስላለ ብቻ «ይሄ ሰው ታማኝ ነው» የሚል አለ? ሐቀኛውም አጭበርባሪውም በፊደል ተራ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፐብሜድ ላይም በአይጥ የተሠራው፣ የአንድ ታካሚ ታሪክ ብቻ የሚተርከው፣ ለአዘጋጁ የተጻፈው ደብዳቤ፣ ገና ማንም ያልገመገመው ቅድመ ኅትመት ሳይቀር አለ። በዚህኛው ማውጫ የታሰረ ሰው እንኳ ስሙ አይፋቅም፣ አጠገቡ «ታስሯል» ተብሎ ይጻፍበታል እንጂ፦ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ለማያያዝ የሞከረው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ በ2010 የተሰረዘው ጽሑፍ ዛሬም ይገኛል፣ መሰረዙን የሚናገር ምልክት ተለጥፎበት። ደግሞም መኖር አለበት። ከጠፋማ መሰረዙን በምን እናውቃለን?

«መጽሔቶቹ እኮ ተመርጠው ነው የሚገቡት» ትሉኝ ይሆናል። ግማሽ እውነት ነው። ሜድላይን የሚባለው ትልቁ ክፍል መጽሔቶችን ይመርጣል። የሚመርጠው ግን መጽሔቱን ነው፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ አይደለም። በሌላ በር የሚገቡም አሉ።

ከዚህ የባሰ የሚያናድደኝ ግን ተቃራኒው ነው፦ «ፐብሜድ ላይ ፈልጌ አጣሁ፣ ጥናት የለም»። ምን ብለህ ፈለግህ? «ኸርት አታክ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትጽፉ ፐብሜድ ራሱ «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» ወደሚለው መደበኛ ስያሜ ያዛምድላችኋል፤ በትእምርተ ጥቅስ ካሰራችሁት ግን ማዛመዱን ያቆማል፣ እናንተም ሳታውቁት ብዙ ነገር ያመልጣችኋል። እነዚህ መደበኛ ስያሜዎች ሜሽ ይባላሉ፤ ወደ ማውጫችን ስንመለስ፣ በስም ሳይሆን በሙያ የተደረደሩት ገጾች መሆናቸው ነው። በሜሽ ብቻ መፈለግም ጣጣ አለው፣ አዲስ የገባ ጽሑፍ ሜሽ ሳይሰጠው ሊቆይ ይችላል፣ ሜድላይን ውስጥ የሌለው ደግሞ ጨርሶ ላያገኝ ይችላል። ሜሹንም ተራ ቃሉንም በ«ኦር» (በእንግሊዝኛው «ወይም») አገናኙ። ስልታዊ ክለሳ (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ፈልጎ የሚመዝን ሥራ) የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ፐብሜድ ብቻውን አይበቃም፣ ኤምቤዝና ኮክሬን የሚባሉ ሌሎች መፈለጊያዎችም አሉ።

ስለዚህ «ጥናት የለም» የምትለኝ፣ መጀመሪያ የፈለግህበትን ሐረግ እንዳለ፣ ከነቀኑ ለጥፍልኝ።